ዜና ጌጡ፦ በአንድ ሥዕልና በሁለት ሻማ አርባ ባና ስለ ሸጠው

ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመ፣ ጉናን ያለ ሸማኔ ጉም ያለበሰ አምላክ ይመስገን፤ ለአንዱ ጥበብ፣ ለአንዱ ጉልበት፣ ለአንዱም ስልክ ሰጥቷልና። በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ሰኔ፣ ክረምቱ ሊገባ ደጅ ሲጠና፣ ጌጡ ወልደ ሙላቴ ነካ ነካ የሚያደርጉትን ስልክ በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ ሥራ በፈታ ደግሞ በአምስተኛው፣ በደብረ ታቦር ከተማ የሆነው ነገር ይህ ነው። ይጻፍ፤ ለልጅ ልጅም ይነገር፤ ከእንግዲህ ወዲህ ማንም ተነሥቶ በስልክ ማስታወቂያ መንገር ምን ይጠቅማል ብሎ እንዳይጠይቅ፤ ጥቅሙ እነሆ።

ጌጡ ማነው ቢሉ፣ ኃያል ነው፤ ጋደም ብሎ የሚውል ኃያል። መዋዔ ባትሪ፣ መፍቀሬ ላይክ፣ ሁለት አውራ ጣቶቹ ከአባቱ ሁለት በሬዎች ይልቅ የደከሙ፣ ባሕር ዳር ወርዶ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ቀይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ የተመለሰ፣ ወረቀቱንም በመስታወት አስገብቶ ከመድኃኔ ዓለም ሥዕል አጠገብ የሰቀለ፣ አክስቱም አይተው አውርደው በጓዳው በር ላይ፣ ከወንፊቱ ጎን የሰቀሉበት፣ እርሱ ነው። ከሥልጠናው ጀምሮ ስሙን ሲጠሩት ዝም ይላል፤ የገበያ ባለሙያው ሲሉት ግን ቀና ይላል፤ ገበያ ወጥቶ ግን አንድ ጭብጥ ጨው ገዝቶ አያውቅም።

ሠራዊቱም ብዙ ነበር። አራት ሺህ ሁለት መቶ ተከታይ ነበረው። ሲሶው ጌጡን የማያውቅ፣ ሲሶው ጌጡ የማያውቀው፣ የቀረው ደግሞ ስሙን በፈረንጅ ፊደል ጽፎ የሌላ ሰው ፎቶ የለጠፈ ነው። ድሮ የሰው ተከታይ ጋሻ ያነግብ ነበር፣ ስንቅ ይሸከም ነበር፣ ጌታው ሲወድቅ ያነሣ ነበር። የዚህ ዘመን ተከታይ ግን ጌታው በረኃብ ቢሞት አንድ ፍሬ ባቄላ አያቀብልም፤ ቢበዛ ልብ ይልካል፤ ቀይ ልብ፣ የማይበላ። ሥጋ ለብሶ የሚከተለው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ባዩ ባለ ባጃጁ ነው። ባዩ ያላመነው ነገር በምድር ላይ የለም፤ ስለዚህ ለጌጡ የተፈጠረ ሰው ነው።

የጌጡ አክስት እማማ ጥሩወርቅ ናቸው፤ የሙላቴ እኅት፣ የሟቹ የአዳነ ሚስት። የፋርጣን በግ ጠጉር ገዝተው፣ አጥበው፣ ነድፈው፣ ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው ባና ያሠራሉ፤ በቅዳሜ ገበያ አርባ ዓመት አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሸጠዋል፤ ድንጋዩ በእርሳቸው ልክ ጎድጉዷል። ባናቸው ውኃ አያስገባም፣ ቁንጫ አያኖርም፣ ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። በዚያ ዓመት ግን ገበያውን የቻይና ብርድ ልብስ ሞላው፤ ነብር የታተመበት፣ ሲነኩት የሚለሰልስ፣ ሲለብሱት የማይሞቅ። ሰው ነብሩን አይቶ ገዛ። እማማ ጥሩወርቅም አርባ ባና ታቅፈው ቀሩ፤ ጠጉሩን ሊበላ ብል በር በር ያይ ጀመር።

ወእምዝ፣ ጌጡ በቅዳሜ ገበያ መካከል በለስላሳ ሣጥን ላይ ወጥቶ አዋጅ ነገረ፤ ባዩም የባጃጁን ጡሩምባ ነፋለት። አዋጁም እንዲህ የሚል ነው፦

«ስማ፣ ስማ! የገበያ ዘመን አልፏል! ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ መዋል፣ 'ኧረ ግዙኝ' ብሎ መለማመጥ ቀርቷል! ደንበኛ የት አለ? ስልኩ ውስጥ! ስልኩ የት አለ? ኪሱ ውስጥ! እንግዲያው በስልኩ የገባሁበት ሰው በኪሱ ገብቻለሁ ማለት ነው። ሲተኛ ከራስጌው ነኝ፤ ሲነሣ ከፊቱ ነኝ። ዕድሜውን መርጬ፣ አገሩን መርጬ፣ ብርድ የሚበርደውን ብቻ ለይቼ እጠራለሁ። ስንት ሰው እንዳየ በቁጥር አውቃለሁ፤ እናንተ ግን ስንት ሰው አልፏችሁ እንደ ሄደ ታውቃላችሁ? ከእንግዲህ ሻጭ ይቀመጣል፤ ገዥ ይመጣል!»

ከገበያውም አንዲት አህያ ብቻ መለሰች።

እማማ ጥሩወርቅም ከድንጋያቸው ሳይነሡ፣ ፊታቸውንም ወደ ሣጥኑ ሳያዞሩ፣ አዋጅ በአዋጅ ላይ ደረቡ፦

«እኔ ጥሩወርቅ የምለው ይሰማ። ይህ የወንድሜ ልጅ ከአፉ ማር ይፈስሳል፤ ማሩን ያበላው ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። እስከ ሰኔ ሚካኤል አርባውን ባና በዚያ በስልኩ መስታወት ከሸጠልኝ፣ ወደ መንገድ የሚከፈተውን የፊቱን ክፍል እሰጠዋለሁ፤ ሰሌዳ ይስቀልበት፣ ቢሮ ይበለው፣ እግሩን አነባብሮ ይቀመጥበት። ካልሸጠ ግን ባናውን በጀርባው ተሸክሞ ገሳይ ገበያ ይወጣል፤ በእግሩ፤ የመጨረሻው እስኪሸጥ ድረስ በየሳምንቱ። ባጃጅ ቢሳፈር ያባቴ አጥንት ይፋረደው። ባዩ፣ አንተም ሰምተሃል።»

ወኮነ ፍርሃት ዐቢይ በልበ ጌጡ። ገሳይን አሰበ፤ ዳገቱን አሰበ፤ ከጉና የሚወርደውን ነፋስ አሰበ፤ ጉልበቱ ሳይሄድ ደከመው። ደግሞም የፊቱን ክፍል አሰበ፤ የሚሽከረከር ወንበር፣ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ፣ ከደጅ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው በዓይነ ልቡናው ታየው፤ እግሩም መለስ አለለት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሆኖ ለዘመቻው ተነሣ።

መጀመሪያ ባናውን ፎቶ አነሣ። ባናው ግን በስልኩ ሲታይ የተኛ ጅብ መሰለ፤ ከጎኑ ቢያነሣው ደግሞ የሞተ ጅብ። በሥልጠናው ሰው ዕቃ ሳይሆን ፊት ያያል ተብሎ ተነግሮት ነበርና ወደ አክስቱ ሄዶ ፊታቸውን ለመነ። እማማ ጥሩወርቅም ፊቴ ሽያጭ አይደለም ብለው በነጠላቸው ሸፈኑት። ኃያል ግን በር ሲዘጋበት በመስኮት ይገባል፤ እርሳቸው ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቷቸውን አንሥቶ በስልኩ ገለበጠው። ያ ፎቶ ባላቸው በሞተ በዓመቱ የተነሡት ነው፤ ጥቁር ለብሰው፣ ጥቁር ሻሽ አሥረው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ከወዲያኛው ዓለም ሆነው የሚያዩ ይመስላሉ።

ጌጡም ሥዕሉ ደመቅ ይበል ብሎ በስልኩ ውስጥ ካለው ጌጣጌጥ መረጠ። ነጭ አበባ በዙሪያው አደረገ። ባና ሙቀት ነውና ሙቀትን የሚያሳይ ነገር ፈለገ፤ ሁለት የሚነዱ ሻማዎችን አገኘ፤ አንዱን በቀኛቸው፣ አንዱን በግራቸው አቆመ። ከላይ ስማቸውን በትልቁ ጻፈ፤ ከታች የጤፍ ፍሬ በሚያክል ፊደል ስለ ባናው ጻፈ፤ ዋጋውንም በውስጥ መስመር አናግሩኝ ብሎ ደበቀው። የዘመኑ ነጋዴ ዋጋ ሲናገር እንደ ውሽማ ነው፤ ጨለማ ካልሆነ አይገናኝም። ሥራውን ጨርሶ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ባየው ጊዜ ደስ አለው፤ ባዩም አይቶ በሕይወት ሳሉ እንደዚህ ያምሩ ነበር እኮ አለ። በዚህች ቃል ጥበብ ነበረባት፤ ከባዩ አፍ ስለ ወጣች ግን ማንም አልሰማትም።

ማስታወቂያውን የሚያራምደው ስልክ የሚበላው ዶላር ነው አሉ፤ ስለዚህ ጌጡ የአክስቱን ሁለት ዶሮዎች ሸጠ፤ የባንክ ካርድ ያለው አንድ የባሕር ዳር ሰውም ዶላሩን ከፈለለት። ከዚያ እንደ ጦር አበጋዝ አገሩን ከፋፈለ። ዕድሜያቸው ከሠላሳ በላይ የሆኑትን መረጠ። በምዕራብ ሐሙሲትን እስከ ወንዛዬ ፍል ውኃ፣ በሰሜን አዲስ ዘመንን እስከ ጣራ ገዳም ሥር፣ በምሥራቅ ገሳይን እስከ ነፋስ መውጫ ከበበ። በማግሥቱ ከአክስቱ ዘመድ፣ ከአበ ልጅ፣ ከጡት ልጅ፣ ከአርባ ዓመት ደንበኛ፣ ያ ሥዕል ያልደረሰው ስልክ አልነበረም። ይህን ያህልስ እውነቱን እንናገር፤ ማስታወቂያው ደረሰ። ነገር መድረስና ነገር መግባት ግን ለየቅል ናቸው፤ ይህን ሥልጠናው አልነገረውም።

ቁጥሩም ይወጣ ጀመር። በጠዋት ሁለት ሺህ፣ በቀትር ዘጠኝ ሺህ፣ ለማታው ጸሎት ደወል ሲደወል ሃያ ሺህ። ከቁጥሩ ሥር ትንንሽ ቢጫ ፊቶች ተሰለፉ፤ እንባ የሚያፈስሱ። የተጋጠሙ እጆች መጡ፤ የተሰበሩ ልቦች መጡ። ባዩ ፈርቶ ቢጠይቅ፣ ጌጡ ከአልጋው ላይ ሆኖ ትርጓሜውን በአዋጅ ሰጠ፦

«ይህ የሚያለቅሰው ፊት ሳይደርሰኝ ያልቅብኛል ብሎ የተጨነቀ ገዥ ነው። የተጋጠመው እጅ 'ለእኔም አስቀርልኝ' ብሎ የሚማጠን ነው። የተሰበረው ልብ የቻይናውን ገዝቶ የተጸጸተ ነው። ከሥር የተጻፈውን ተወው፤ የተጻፈውን የሚያነብ ሥራ ፈት ነው፤ ባለሙያ ቁጥሩን ነው የሚያነብ።»

ከመንገድ ማዶ ሱቅ ያላት ነጅሚያ፣ የእማማ ጥሩወርቅ የሃያ ዓመት ጎረቤት፣ ስልኳ ለመደወልና ለማብራት ብቻ የሚያገለግል ሴት ናት። ጌጡ ሃያ ሺውን ይዞላት በሄደ ጊዜ ስንት ባና እንደ ወጣ ጠየቀችው። አንድም እንዳልወጣ ነገራት። እርሷም ባንኮኒዋ ላይ ክርኗን አሳርፋ ለሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ አወጀች፦ «ጎበዝ! ቁጥር በሚዛን ላይ አይቀመጥም፤ ወንድሜ ጌጡ፣ ለገሳይ መንገድ ጫማ ከእኔ ዘንድ ቅናሽ አለህ።»

ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ሥዕሉን መርዶ መስሎት ባየ ጊዜ ምነው ደውሎ አልጠየቀ የሚል ቢኖር፣ እርሱ የእኛን አገር አያውቅም። የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይጠይቅም። ለቅሶ ቤት ደውሎ 'እውነት ሞተች ወይ?' ማለት ነውር ነው፤ የጠላት ሥራ ነው። ጥቁር የለበሰች ባልቴት በሁለት ሻማ መካከል ያየ ሰው ፊደል አይፈልግም፤ ይነሣል፣ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፣ ይመጣል፤ አልቅሶ ሲያበቃ ነው ምን አገኛት ብሎ የሚጠይቅ። ቀድሞ የደረሰ ይመሰገናል፤ ሳይደርስ የቀረ እስከ መቃብሩ ይወቀሳል።

ወበይእቲ ዕለት፣ በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጌጡ የገሳይን ዳገት እያሰበ ፊቱን ሳይታጠብ በደጃፉ ቆሞ ሳለ፣ መንገዱ በሰው ጠቆረ። ከሐሙሲት ሁለት አይሱዙ ሙሉ መጣ። ከወንዛዬ በፍል ውኃው ውስጥ የነበሩ ጠጉራቸው ሳይደርቅ፣ በስስ ነጠላ መጡ፤ ቆላ ሞቆ ደጋ ይሞቃል መስሏቸው። ከጣራ ገዳም ሥር መቋሚያ የያዙ መጡ። ከገሳይ ሌሊት የተነሡ በእግራቸው መጡ፤ ያን ጌጡ የፈራውን መንገድ ስልሳ ዓመት የሆናቸው ሴቶች ለቁርስ ሳይደርሱ ጨርሰውት ነበር። ጃንጥላው ብቻ ቢቆጠር አንድ ገበያ ያጠላል።

የጌጡም ልብ ተነፋ። ገዥዎቹ መጡ! ባዩን ጡሩምባውን አስነፋው፤ የለስላሳ ሣጥኑን አስመጣ፤ በላዩ ወጣ፤ በአንድ እጁ ስልኩን አንሥቶ ሕዝቡን እየቀረጸ በቀጥታ ለዓለም አስተላለፈ፤ በሌላው እጁ ሰውን እየባረከ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «እንኳን ደኅና መጣችሁ! አትጋፉ! ለሁሉም ይደርሳል! ቀድሞ የመጣ ወፍራሙን ይወስዳል!»

ሕዝቡም ይህን በሰማ ጊዜ ሐዘን አእምሮውን ነሣው ብሎ ይብሱን አለቀሰ። አራት ጎልማሶች ከሣጥኑ አውርደው፣ ክንዱን ይዘው፣ መሬት አስቀምጠው፣ ፊቱ ላይ ውኃ ደፉበት፤ በዚያች ቀን ፊቱ የታጠበው እንዲህ ነው። ስልኩም ከጭቃው ላይ ሆና ሰማዩን ትቀርጽ ነበር።

ከወንዛዬ የመጣችው ዘነበች ሙሾ አውራጅ ናት፤ ዘነበች ያላወረደችለት ሙት በአገሩ ሞተ አይባልም። ወደ መካከል ገባች፤ ሰውም ፊቱን ወደ እርሷ መልሶ ክብ ሠራ።

እማማ ጥሩወርቅ በዚያ ሰዓት በጓሮ እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። ዋይታውን ሰሙ። ሰው በደጃቸው ሲያለቅስ ለማን ነው ብለው የሚያጣሩ ሴት አይደሉም፤ መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ኋላ ይጠይቃሉ። እጃቸው እንደ ረጠበ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በጎን በር ወጥተው ከክቡ ኋላ ቆሙ፤ ደረታቸውን ደቁ፤ ወይኔ አሉ። ዘነበችም አወረደች፦

«ምላሷ መርፌ ነው፣ እጇ ግን ባዘቶ፤
ማን ያለብሰን ይሆን የጉና ብርድ መጥቶ?»

እማማ ጥሩወርቅ የሞተችውን ደግ ሴት ባያውቋትም ከልባቸው አነቡላት። ዘነበች ደገመች፦

«ስትሸጥ አትራራም፣ ስሙኒ አትቀንስ፤
ዛሬ ያለ ክርክር አስረከበች ነፍስ።»

ይህን ጊዜ ማልቀሳቸውን ቀዝቀዝ አደረጉ፤ ይህች ሟች የሚያውቋት ሰው መሰለቻቸው። ዘነበች ሠለሰች፦

«ጥሩወርቅ፣ ጥሩወርቅ፣ የቅዳሜው ጌጥ፤
ከእንግዲህ ማን አለ ባና የሚሸጥ?»

ያን ጊዜ እማማ ጥሩወርቅ በክርናቸው ሰውን እየቀደዱ ወደ መካከል ገቡ፤ ነጠላቸውን አቀኑ፤ እንዲህም አወጁ፦

«እኔ ጥሩወርቅ፣ የአዳነ ሚስት፣ በሁለት እግሬ ቆሜ እናገራለሁ! አልሞትሁም! ለመሞት ያሰብሁበት ቀን የለም፤ ሲኖር እኔው አስነግራለሁ። ዘነበች! ስሙኒ አትቀንስም ያልሽው እውነት ነው፤ እንኳን ከባናዬ ከዕድሜዬም አንድ ቀን አልቀንስም። አሁን ገዳዬ ማነው? ይቅረብ!»

ግማሹ ሕዝብ አማተበ፤ ግማሹ ሸሸ፤ ከሐሙሲት የመጡ አንድ ሽማግሌ አይሱዙ ሥር ገብተው በኋላ በልመና ወጡ። ከዚያ አንዲት ሴት ስልኳን አምጥታ አሳየች። እማማ ጥሩወርቅ ጥቁር ልብሳቸውን አዩ፤ አበባውን አዩ፤ ሻማዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ። ከዚያ ቀና ብለው ጌጡን አዩት። ጌጡ ያን ጊዜ ገሳይ ቅርብ እንዲሆንለት ተመኘ፤ ተሸክሞም ቢሆን ሊሄድ ወደደ።

ሰማይ ግን ማንንም አይጠብቅም። የሰኔ በረዶ እንደ ባቄላ እየተለካ ወረደ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ እማማ ጥሩወርቅ ግቢ፣ ወደ ባናው ቤት፣ ወደ ነጅሚያ በረንዳ ተጋፍቶ ገባ። መንገዱ ጎርፍ ሆነ፤ አይሱዙዎቹ ቆሙ። ከወንዛዬ በስስ ነጠላ የመጡት ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ጀመር፤ የዘነበች ድምፅ እንኳ፣ ያ አገር የሚያስለቅስ ድምፅ፣ እንደ ጫጩት ቀጠነ። በነጅሚያ በረንዳ ላይ ያሉት የብርድ ልብስ አላት ወይ ብለው በዓይናቸው ሲፈልጉ፣ ነብር የታተመበት ሁለት አወጣችላቸው፤ በረዶው አራሰውና ነብሩ ከቀለሙ ጋር ወረደ።

ከዚያ እማማ ጥሩወርቅ የባናውን ቤት በር ወለል አድርገው ከፈቱ። አንዱን ባና አነሡ፤ ውኃ ደፉበት፤ አራገፉት፤ ደረቅ ነበር። ሰውም ዋጋውን ብቻ ጠየቀ፤ እርሳቸውም ዋጋውን በሰው ሁሉ ፊት በትልቅ ድምፅ ተናገሩ። አንዳንዱ ለለቅሶሽ መጥተን ትንሽ አይቀነስልንም ወይ ብሎ ቢያጉረመርም፣ አዋጅ ወጣ፦ «ሞቼ ብትመጡ ኖሮ በነጻ ትካፈሉት ነበር፤ ቆሜ አገኛችሁኝ፤ ዋጋው ዋጋ ነው!» በረዶው ሳያባራ አርባው ባና አለቀ። የመጨረሻውን ዘነበች ወሰደችው፤ ስሙኒ አልተቀነሰላትም።

ይህን ባየ ጊዜ ጌጡ ከጭቃው ተነሣ፤ ስልኩን ጠረገ፤ የወደቀ ክብሩንም አብሮ ጠረገ። በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ አርባው ባና ተሸጧል፤ ቃል ቃል ነው፤ የፊቱ ክፍል የእኔ ነው ብሎ ቆመ። ሕዝቡ ሳቀ፤ አንዳንዱ ድንጋይ ፈለገ። እማማ ጥሩወርቅ ግን ቃላቸውን የማያጥፉ ሴት ናቸውና ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው ሊሰጡት እጃቸውን ዘረጉ። በዚህ ጊዜ ዘነበች በአዲሱ ባናዋ ተጠቅልላ ተነሥታ የአገሩን ሕግ አወጀች፦

«ቆይ! ቁልፉን ተቀበል፤ ዕዳውንም አብረህ ተቀበል። እኛ አልቅሰናል። ከዓይን የወጣ እንባ ወደ ዓይን አይመለስም። ለቅሶ ብድር ነው፤ የተለቀሰለት ሞቶም ይሁን ሳይሞት ላለቀሰው ይመለሳል። ማን ይመልስ? እማማ አልጠሩንም። ስልኩ ጠራን፤ የስልኩ ጌታ ይመልስ!»

እማማ ጥሩወርቅም በዚያው ላይ አተሙበት፦ «ይህ ፍርድ ነው። የመጣችሁትን በዓይኔ ቆጥሬያለሁ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ናችሁ፤ ስማችሁን ሁሉ በራሴ ይዤዋለሁ፤ አልረሳም። በእያንዳንዳችሁ ቤት ለሚደርሰው ሐዘን ጌጡ በእግሩ ይደርሳል፤ ያለቅሳል፤ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ራሳችሁ ስትሞቱ ደግሞ ከአልቃሹ ሁሉ ፊት ይቆማል።» ጌጡ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ቁጥር ሲበዛ አዘነ።

ወእምድኅረ ዝንቱ፣ ጌጡ የፊቱን ክፍል ወረሰ። ሰሌዳውን ሰቀለ። የሚሽከረከረውን ወንበር አስመጣ። አርባ ባና በአንድ ቀን እንደ ሸጠ በሥዕልና ወደ ላይ በሚወጣ የቁጥር መስመር አስጊጦ ለመሰሎቹ ሁሉ ለጠፈ፤ እንባውን፣ በረዶውንና አይሱዙ ሥር የገቡትን ሽማግሌ ግን አልጻፈም። ባለሙያዎቹ አጨበጨቡ፤ ከነፋስ መውጫ ድረስ ጥበቡን ሊማሩ የመጡም ነበሩ። ግን ቢሮው ዝግ ሆኖ ያገኙት ነበር፤ የአገር ሰው ይሞታልና። ሐምሌ ላይ በሐሙሲት አንድ አጎት፣ በወንዛዬ አንዲት አራስ፣ ነሐሴ ላይ በገሳይ ሁለት፤ በገሳይ እንዲያውም ሰው ለጌጡ ተጠባብቆ የሚሞት ይመስላል። ወንበሩን ነጅሚያ አንዳንድ ጊዜ ተሻግራ ታሽከረክረዋለች፤ ዝገት እንዳይይዘው።

ዳገቱ ብርድ ነውና እማማ ጥሩወርቅ አዲስ ባና አለበሱት። ለቅሶ ቤት ሲደርስ ሰው ባናውን ይዳብሳል፤ ማን ሠራው ይላል፤ ስንት ነው ይላል። ስለዚህ ሲነሣ ሁለት ተጨማሪ በጀርባው ይጭኑበታል፤ ሲመለስ ጀርባው ባዶ ነው። ባጃጅ እንዳይሳፈር የአባታቸው አጥንት ይጠብቀዋል፤ ባዩም ሲያልፈው ጡሩምባ ይነፋለታል፤ ይኸው ነው እርዳታው። እንግዲህ የደበቀው ዋጋ ተገለጠ፤ የፈራው መንገድ መንገዱ ሆነ።

ስለዚህ ክብር ለጌጡ ወልደ ሙላቴ! ቆላና ደጋን በአንድ ሥዕል ላስለቀሰ፣ በሁለት ሻማ ሁለት መቶ ጃንጥላ ለሰበሰበ፣ ሕያውን ገድሎ ገበያ ላቆመ፣ ሃያ ሺህ ቁጥር ይዞ በሁለት እግሩ ለሚሄድ ኃያል! እንባው አይድረቅ፤ ጫማውም አይለቅ። ስልኩ ከኪሱ አለች፤ ዳገቱ ላይ ኔትወርክ የለም። ነፋሱ ከጉና ወርዷል፤ ባናው ከጀርባው ከብዷል፤ አንዲት ባልቴት ደግሞ ትናንት በገሳይ ታመሙ አሉ። ለእርሳቸው ምሕረት፣ ለእርሱ ጉልበት ይስጥልን።